ቀዳዳ አጥፊዋ ሂልዳ

ፉላም በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከአውቶቡስ ማዞሪያው ከፍ ብሎ ባለው የስታቭሮስ ላውንደሪ፣ መስኮቱ አጠገብ፣ ሂልዳ ፐርኪስ የምትባል ሴት ዕድሜዋን ተቀምጣ ሠርታለች። ሥራዋ ቀዳዳ ማጥፋት ነበር። መጣፍ አይደለም፤ መጣፍስ ማንም ይጥፋል። ሲጋራ ያቃጠለውን፣ ብል የበላውን፣ ሚስማር የቦጨቀውን የሱፍ ልብስ ትቀበልና፣ ከራሱ ከልብሱ ስውር ቦታ፣ ከጠርዙ እጥፋት ወይ ከኪሱ ውስጥ፣ ክር ትመዝዛለች። ከዚያ በረጅም መርፌ ድሩን በድር፣ ማጉን በማግ እያሳለፈች መልሳ ትሸምነዋለች። ጨርሳ ስትሰጥ ቀዳዳው የለም። እዚህ ነበር የሚያሰኝ ምልክትም የለም።

የዚህ ሥራ ክፋቱ፣ በደንብ ሲሠራ ያልተሠራ መምሰሉ ነው። ባለልብሱ ኮቱን ወደ ብርሃን ዘርግቶ፣ ገልብጦ፣ በጣቱ ዳብሶ፣ «የቱ ጋ ነበር?» ካለ፣ ለሂልዳ ምስጋናዋ እሱ ነው። ከዚያ ያለፈ ምስጋና አታውቅም። ስሟን የሚጠይቅ የለም፤ እሷም አትናገርም።

ሙያውን የተማረችው በልጅነቷ ሶሆ ውስጥ ከነበሩ አሮጊቶች ነው። ከነሱ የመጣ አንድ ደንብ አለ። ልብሱን ከደንበኛ የሚቀበለው ሰው በየቀዳዳው ጎን መርፌ ቁልፍ ይሰካል፤ ጥቁር ሱፍ ላይ ያለች ትንሽ ቀዳዳ ከዓይን ታመልጣለችና። መርፌ ቁልፍ ያለበት ይጠፋል፤ የሌለበት አይነካም። ሂልዳ ቀዳዳውን ስትጨርስ መርፌ ቁልፉን ነቅላ በሻይ ሰሃን ላይ ትጥለዋለች። ስታቭሮስ የቆጵሮስ ሰው ነው፣ ዝም ማለት አይሆንለትም። ማታ ማታ ሰሃኑን እያየ፣

«ዛሬ የስንቱን ኃጢአት ሰወሩ፣ ሚስስ ፐርኪስ?» ይላታል።

«ያንተን አልጨመርኩም፤ ቀኑ አይበቃኝም» ትለዋለች።

ቤቷም ገብታ ዓይኗ አያርፍም ነበር። መጋረጃ፣ ካልሲ፣ የጎረቤት ትራስ፣ ያገኘችውን ትደፍናለች። ባሏ ሬጅ፣ አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆራጭ የነበረው፣ «እቺ ሴት ወንፊት ካገኘች ትደፍነዋለች» እያለ ይስቅባት ነበር።

ልጃቸው አንዲት ናት፣ ጃኒስ። ትንሽ ሳለች ከእናቷ ጠረጴዛ ሥር ቁጭ ብላ የሰሃኑን መርፌ ቁልፍ አንዱን ባንዱ እየቆለፈች ሐብል ትሠራ ነበር። ሂልዳም ደስ ይላት ነበር። ዝም ያለች ልጅ መቼም ደስ ትላለች።

ሬጅ ከጦርነቱ ሲመለስ፣ መንግሥት ለየወታደሩ ካደለው ሙሉ ልብስ አንዱ ደርሶት ነበር። ግራጫ ሱፍ፣ ቀጭን ነጭ መስመር ያለው። በሱ ተዳረ፣ በሱ ልጁን ክርስትና አስነሳ፣ በሱ የጓደኞቹን ቀብር ሸኘ። ሳንባው አልሻለው ብሎ እሱ ራሱ ሲሞት ግን የሥራ ጓደኞቹ «በአውቶቡስ ልብሱ ይቀበር» አሉ፤ ያ ሙሉ ልብስ ቁም ሳጥን ውስጥ ናፍታሊን እየሸተተ ቀረ።

የቀብሩ ቀን ጃኒስ አላለቀሰችም። አሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር። እንግዶቹ ሳንድዊቻቸውን በልተው ከሄዱ በኋላ ሂልዳ ሰሃን እያጠበች፣ ፊቷንም ሳታዞር፣

«ላባትሽ አንዲት ዘለላ እንባ አላወጣሽም» አለቻት።

«ይኸው ሰሃኑን እያደረቅኩ አይደል» አለች ጃኒስ።

ከዚያ ወዲህ በመካከላቸው የነበረው ወሬ እየቀጠነ ሄደ። ጃኒስ የሥዕል ትምህርቷን ባመቱ ተወችው። ኪንግስ ሮድ መጨረሻ ላይ፣ ፓንክ የሚባሉት ወጣቶች የሚሰበሰቡበት ልብስ ቤት ተቀጠረች። ግማሽ ፀጉሯን በምላጭ ላጨችው፣ የቀረውን አረንጓዴ ቀባችው። የሸሚዟን እጅጌ ገንጥላ በሰንሰለት አንጠለጠለችው። አንድ ማክሰኞ ጎረቤታቸው ዶሪስ በአጥር ላይ ብቅ ብላ፣

«ልጅሽን አየኋት» አለች። «ድመት የተጣላት ትመስላለች።»

«አርፈሽ ተቀመጪ፣ ዶሪስ።»

«ለድመቱ አዝኜ ነው።»

በብርዱ ወራት ሂልዳ ቁም ሳጥኑን ስትከፍት የሬጅ ሱሪ ብቻውን ተሰቅሎ አገኘችው። ኮቱ የለም። ማን እንደወሰደው ገብቷታል። አልጠየቀችም። ከጠየቀች መልሱን መስማቷ ነው።

በዚህ ሁኔታ በፈረንጆች 1977 ሰኔ ገባ። ንግሥቲቱ የነገሡበት ሃያ አምስተኛ ዓመት በዓል ስለሆነ መንገዱ ሁሉ ባንዲራ በባንዲራ ሆኗል። ለቅዳሜ ጠረጴዛ ውጭ ደርድረን ልጆቹን ኬክ እናብላ ተብሎ ሴቶቹ ሽር ጉድ ይላሉ። ዶሪስ ወሬ ይዛ መጣች።

«ቅዳሜ የልጅሽ የልብስ ማሳያ ነው አሉ፤ ከመጠጥ ቤቱ ጀርባ ባለው አዳራሽ። ጋዜጠኛም ይመጣል። የራሷን ሥራ ነው የምታሳየው፣ የሰው አይደለም። አልነገረችሽም?»

«ነግራኛለች» አለች ሂልዳ። አልነገረቻትም።

አርብ ጠዋት ሂልዳ ወጥ ቤት ስትገባ ኮቱ ወንበር መደገፊያ ላይ ተደርጎ ጠበቃት። ጃኒስ ወጥታለች። የሬጅ ኮት መሆኑን ለማወቅ ሁለት ጊዜ ማየት ነበረባት። ኮሌታው ግማሽ ድረስ ተተርትሯል። ብብቱ ተቀዷል፣ ጀርባው ላይ እጅ የሚያስገባ ሦስት ማዕዘን ተከፍቷል፣ ክርኑ ላይ ጨርቁ እስኪሳሳ ተፍቋል። የሞተ ሰው ልብስ ነው እኮ። የምትደበድበው ሰው ቤት ውስጥ ባለመኖሩ ማንቆርቆሪያውን ውሃ ሞልታ ጣደችው።

ውሃው ሳይፈላ ግን አንድ ነገር አየች። በየቀዳዳው ጎን መርፌ ቁልፍ ተሰክቷል። አንዱም ሳይቀር።

ሂልዳ ምድጃውን አጠፋችና ወንበሩ ፊት ቆመች። ላውንደሪው ልብሱን የሚያስቀምጥላት እንደዚሁ ነው፤ ወንበር መደገፊያ ላይ፣ የተቀደደው ወደ ላይ፣ መርፌ ቁልፍ በየጎኑ። ከጠረጴዛዋ ሥር ያደገች ልጅ ይሄን ሳታውቅ አትሰካም። አንደበቷ አልታዘዝ ብሏት፣ ይቅርታ ማለት ተስኗት፣ በዚያ በእናቷ ደንብ መናገሯ ነው ብላ አሰበች። ነገ ሰው ፊት ይዛው ልትወጣ ነው፤ ያባቷን ኮት አድኚልኝ እያለች ነው።

የዚያን ቀን ላውንደሪ አልሄደችም። ዶሪስን «ታማለች በይልኝ» ብላ ላከቻት። ሥራው ከባድ ነው፤ ለያንዳንዱ ቀዳዳ የሚሆን ክር ከኮቱ እጥፋት አይገኝም። ግራጫ ከነመስመሩ የሚገኘው ከአንድ ቦታ ብቻ ነው። ሱሪውን ከቁም ሳጥን አወጣችው። ጠርዙን ፈታች፤ ያ ሲያልቅ ጭኑን ቆረጠች። በምሳ ሰዓት ሬጅ የተዳረበት ሱሪ የክር ክምር ሆኖ ነበር። መስኮቱ ሥር ወንበሯን አስጠግታ፣ ሻይዋ አጠገቧ ቀዝቅዞ፣ አንድ ባንድ ዘጋችው። ኮሌታው ሲገጥም፣ ሬጅ አንገቱን ቀና ሲያደርግ ታያት። ብርሃኑ ከመስኮቱ ሳይሸሽ ጨረሰች። ኮቱን ተኩሳ በሩ ላይ ሰቀለችው፤ መርፌ ቁልፎቹን ሰሃን ላይ ሰበሰበቻቸው። ከዚያ ልጇ የምትወደውን እንቁላልና የድንች ጥብስ መሥራት ጀመረች። ዘፈንም እንደማንጎራጎር ብላ ነበር።

ጃኒስ በሩን ከፍታ ስትገባ ኮቱን አልፋው ሄደች። የሌላ ሰው ልብስ መስሏታል። ወንበሩን ባዶ ስታይ ቆመች።

«ኮቴስ?»

«ያውልሽ፣ ከኋላሽ።»

ጃኒስ ዞረች። ኮቱን ከመስቀያው አውርዳ ገለበጠችው። ጀርባውን ዳበሰች፣ ብብቱን ዳበሰች፣ ወደ መስኮቱ ወስዳ ዘረጋችው።

«የታለ?» አለች። «የቱ ጋ ነበር?»

ሂልዳ ፈገግ አለች። በሕይወቷ የምታውቀው ምስጋና ይኸው አይደል።

«እማ፣ ምን አድርገሽ ነው?»

«ያልሽኝን ነዋ።»

«ምን አልኩሽ? ከገና ወዲህ እኮ አልተነጋገርንም።»

«መርፌ ቁልፍ ሰክተሽ ወንበር ላይ ተውሽልኝ። በየቀዳዳው ጎን። ምን ማለት እንደሆነ ጠፍቶሽ ነው?»

«ጌጥ ነው እኮ፣ እማ» አለች ጃኒስ፣ ድምጿ ዝቅ ብሎ። «ጌጥ ነው። ነገ በማሳያው የመጨረሻው እሱ ነበር። ሁሉ ሰው የሚጠብቀው እሱን ነበር።»

ኮሌታውን በሁለት እጇ ይዛ ሳበችው። አልተቀደደም። ሂልዳ የሸመነችው ቦታ ከድሮው ጨርቅ ይልቅ ጠንክሯል። የዳቦ ቢላዋ አንስታ እጅጌውን ተረተረችው፤ አየችውና ወለሉ ላይ ጣለችው።

«ይሄ የተቆረጠ ነው፤ የተቀደደ አይደለም። አይሆንም።»

«እኔ እፈታዋለሁ» አለች ሂልዳ። «የት የት እንደሆነ አውቀዋለሁ፤ ክሩን መልሼ እመዝዘዋለሁ።»

«ተዪው።»

«ዛሬ እጨርሰዋለሁ አልኩሽ።»

«ላባትሽ አላለቀስሽም ብለሽኝ አልነበር?» አለች ጃኒስ። «እውነትሽን ነው፣ አልሆነልኝም። ኮቱን ለብሼ እዞር ነበር። ማልቀስ ባቃተኝ ቀን እቀደው ነበር። ኮሌታውን በልደቱ ቀን። ጀርባውን ያ የሱ አውቶቡስ ሲያልፍ፣ ፌርማታው ላይ ቆሜ። አንቺ ደግሞ ቁጭ ብለሽ አንድ ባንድ ዘጋሽው።»

ሂልዳ ልትናገር ፈለገች። ሱሪውን እንዴት እንደቆረጠችው፣ ኮሌታው ሲገጥም ማን እንደታያት፣ ይሄን ሁሉ ልትል ፈለገች። ከአፏ የወጣው ግን፣

«እንቁላሉ ቀዘቀዘ» የሚል ነበር።

ጃኒስ ልብሷን በሻንጣ ከታ ያንኑ ማታ ወጣች። ኮቱን አልወሰደችም። በማግስቱ ሂልዳ ባንዲራው ሥር ቆማ ለሰፈር ልጆች ሳንድዊች ስትቆርጥ፣ ዶሪስ አጠገቧ መጥታ «ማሳያው እንዴት ሆነ?» ብትላት፣ «ጥሩ ነው አሉ» ብላ ዱባ የሚያክል ኬክ አስያዘቻት። ያ በቢላዋ የተተረተረ እጅጌ ብቻ ሳይዘጋ ቀረ። መርፌዋን ብዙ ጊዜ አነሳች፤ አልደፈረችም።

ጃኒስ ያለዚያ ኮትም ተሳካላት። መጀመሪያ ከጓደኛዋ ጋር አንዲት ጠባብ ሱቅ ያዘች፤ ከዚያ ብቻዋን ሰፊ ሱቅ፤ ከዚያ የሀብታሞቹ ሰፈር ሜይፌር ገባች። የተቀደደ ልብስ ሎርዶች ልጆቻቸውን የሚያለብሱት ነገር ሆነ። ሂልዳ ይሄን የምትሰማው ከዶሪስ ነው። ጃኒስ ለገና በዶሪስ ስልክ ትደውላለች፤ «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ፣ አንቺስ?» ይባባሉና ያልቃል። ሁልጊዜ ሂልዳ «አንድ እሁድ ብቅ በይ» ትላለች፤ ጃኒስም «እናያለን» ትላለች።

አንድ ቀን ዶሪስ ጋዜጣ ይዛ መጥታ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ፣ አነበበችላት።

«‹ያደግሁት ቀዳዳ ወንጀል በሆነበት ቤት ነው። እናቴ የማትሰፋው ነገር አልነበረም፤ የኔን አፍ ጭምር።› እንዲህ ብላለች። ላቁም?»

«ቀጥዪ።»

«‹ባለም የታወቀውን የመርፌ ቁልፍ ፋሽን ከየት አመጣሽው ብለን ጠየቅናት። ከየትም፤ ከንዴት፣ ስትል መለሰችልን።›»

«ከንዴት?»

«ከንዴት ይላል።»

«ከሰሃኔ ነው» አለች ሂልዳ።

ዶሪስ ጋዜጣውን አጣጥፋ ብብቷ ውስጥ ሸጎጠችው።

ወሬው ተደጋገመ። ጃኒስ በየመጽሔቱ ስለዚያች ቀዳዳ አጥፊ እናቷ ትናገራለች፤ ከቀደሙት ይልቅ የኋለኞቹ ጨለም ያሉ ናቸው። የሂልዳ መርፌ እየረዘመ፣ ፊቷም እየከፋ ሄደ። ላውንደሪው በር ላይ ቀለም የተቀቡ ወጣቶች መጥተው በመስታወቱ ያዩዋት ጀመር። አንዲቱ ምላሷን አወጣችባት። ስታቭሮስ ሊያጽናናት፣

«የአገር ጠላት ሆነዋል፣ ሚስስ ፐርኪስ» አላት። «እኔ ይሄን ያህል ዘመን ለፍቼ የሚያውቀኝ ግብር ሰብሳቢው ብቻ ነው።»

ሂልዳ አልሳቀችም። ስድቡ አልነበረም የከነከናት። ዕድሜዋን ስሟ ሳይነሳ ሠርታ ልጅ ላሳደገች ሴት ስድብ ቀላል ነው። የከነከናት መርፌ ቁልፉ ነው። ልጅቱ ከእናቷ የወሰደችው አንድ ነገር ቢኖር እሱ ነው፣ እሱንም ከየትም አለችው። ይሄን ብቻ ብትናገርላት፣ አንዴ፣ በየትኛውም ጋዜጣ፣ ሌላው ቢቀርም ግድ አልነበራትም።

ሰማንያ አምስት ላይ፣ በጥቅምት፣ ስታቭሮስ አንድ ኮት በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ መጣ፤ የሞተ አይጥ የያዘ ይመስላል።

«ባለኮቷ ሴትዮ የመኪና በር ይዞብኛል ትላለች። ከነዚህ ቀዳዳዎች አንዱ አደጋ ነው፤ የቀሩት በገንዘብ የተገዙ ናቸው። አደጋውን ያጥፉልኝ፣ የገዛሁትን እንዳይነኩ፣ ብላለች። የቱ ነው ብላት፣ ባለሙያዋ ታውቀዋለች ብላኝ ሄደች።»

«አንተ ታዲያ ምልክት አላደረግህበትም?»

«በምን ላድርግ? መርፌ ቁልፍ ሞልቶታል።»

ሂልዳ ተቀበለችው። ግራጫ ሱፍ ነው፣ ነጭ ቀጭን መስመር ያለው። ኮሌታው ግማሽ ድረስ ተተርትሯል። ብብቱ ተቀዷል። ጀርባው ላይ ሦስት ማዕዘን። ክርኑ ተፍቋል። ጨርቁ አዲስ ነው እንጂ፣ የሬጅ ኮት ነበር፤ አርብ ጠዋት ወንበሩ ላይ እንዳገኘችው። ልጅቱ ሳትረሳ፣ በልቧ ይዛ፣ መልሳ ቀዳዋለች ማለት ነው። ሂልዳ ቆማ ብዙ አየችው። ከዚያ ኮቱን በከረጢት አድርጋ ባርኔጣዋን አጠለቀች።

«ወዴት ነው?» አላት ስታቭሮስ።

«የቀደደችውን ልጠይቃት።»

ሜይፌር ያለው ሱቅ ውስጥ ልብሱ ከጣሪያ በሰንሰለት ተንጠልጥሏል። በሩ ላይ የቆመችው ልጅ፣ ከንፈሯ ጥቁር፣ ጉንጯ ላይ መርፌ ቁልፍ የተሰካ፣ የሂልዳን ባርኔጣ አየችና፣

«የኔ እናት፣ ለጽዳት ከሆነ በጓሮ ነው» አለቻት።

«ለጃኒስ ነው።»

«ቀጠሮ አለዎት?»

«እናቷ ነኝ።»

ልጅቱ ሳቋ መጣ። «እሺ፣ እኔም ያክስቷ ልጅ ነኝ» አለች። ሂልዳ ግን አልተንቀሳቀሰችም፤ ከረጢቷን ታቅፋ ቆመች። በመጨረሻ ጃኒስ ራሷ ከውስጥ ወጣች። ፀጉሯ በሥርዓት ተቆርጧል። የለበሰችው ጥቁር ኮት አንዲት ቀዳዳ የለበትም፤ ስፌቱም እጅግ ንጹሕ ነው። ሂልዳ ሳትፈልግ መጀመሪያ ያየችው ስፌቱን ነበር።

«እማ። ምን ሆነሽ ነው?»

«ሥራ ይዤ ነው።» ኮቱን አወጣችው። «ያንቺ የትኞቹ ናቸው፣ የመኪናው በር የቱ ነው?»

ጃኒስ ኮቱን አገላበጠችው። «አላውቅም» አለች።

«አንቺ አይደለሽም የቀደድሽው?»

«ፋብሪካ ነው የሚሠራው፣ እማ፣ ሰሜን። በማሽን ነው የሚቀደደው። ሁሉም አንድ ነው።» ከተንጠለጠሉት አንዱን አውርዳ ጎን ለጎን ዘረጋችው። ቀዳዳው በቀዳዳው ላይ ልክ ገጠመ፤ ኮሌታው በኮሌታው፣ ሦስት ማዕዘኑ በሦስት ማዕዘኑ። ኪሱ ሥር ያለች አንዲት ብጫቂ ብቻ ተረፈች። «ይኸውልሽ፣ ይቺ ናት። በይ ተይው፣ ለሴትዮዋ አዲስ እልክላታለሁ።»

ሂልዳ ኪሱ ሥር ያለውን ብጫቂ በጣቷ ነካችው። ከቀዳዳዎቹ ሁሉ እውነተኛው እሱ ብቻ ነበር።

«መርፌ ቁልፉን» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ በሩ ላይ የቆመችው ልጅ እንዳትሰማ። «ከየት እንዳመጣሽው ለምን አትነግሪያቸውም? የቀረውን የፈለግሽውን በይ። ክፉ ነበረች በይ። እሱን ብቻ ተናገሪልኝ።»

ጃኒስ ያወረደችውን ኮት ወደ ሰንሰለቱ መለሰችው። ስትናገር ቁጣ አልነበራትም፤ የደከመው ሰው ነበር የምትመስለው።

«ከላውንደሪ ነው ብል ማን ይገዛኛል፣ እማ? የሚገዙት እኮ ጠቡን ነው። እናቴ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትዘጋለች፣ እኔ እቀዳለሁ። ይሄ ነው ያለኝ። አንቺ ደግ ከሆንሽ እኔ ምንድን ነኝ?»

ሂልዳ ኮቱን ወደ ከረጢቱ መለሰች። «እሁድ ብቅ ብትዪ» ልትል አፏን ስትከፍት፣ ከውስጥ ካሜራ ያንጠለጠለ ሰውዬ ወጣ። ለመጽሔት ፎቶ ሊያነሳ ጠዋት የመጣ ነው።

«ይቺ ናት እንዴ?» አለ። «እውነተኛዋ? ባለመርፌዋ? በእግዜር፣ አስቀምጪልኝ።»

«ልትሄድ ነው» አለች ጃኒስ።

«ለትንሽ ጊዜ ነው። ወንበር ላይ፣ መርፌ ይዛ፣ ኮቱን እየሰፋች። አንቺ ከኋላዋ። ሽፋን ይሆናል እኮ።»

ጃኒስ እናቷን አየቻት። «ትቀመጫለሽ፣ እማ?» አለች። «ካልፈለግሽ ተይው።»

ሂልዳ አልፈለገችም። ሰው ሊያያት፣ ያውም እንደዚያ ሊያያት፣ እግሯ ወደ በሩ ዞሮ ነበር። ጃኒስ ግን ይሄን እያለች እጇን ትከሻዋ ላይ አደረገች፤ ወደ ወንበሩ ልትመራት ይሁን ሳታስበው፣ አይታወቅም። ከዚያች አርብ ወዲህ ነክታት አታውቅም። ሂልዳ ሄዳ ተቀመጠች።

መርፌ አስያዟት። ኮቱን ጉልበቷ ላይ ዘረጉት። ጃኒስ ከኋላዋ ቆማ እጇን መልሳ ትከሻዋ ላይ አኖረች፤ ሙቀቱ በሹራቡ በኩል ይሰማት ነበር።

«ቆጣ ይበሉ» አለ ሰውዬው።

ሂልዳ ሞከረች። ግንባሯን ሰበሰበች፤ ከንፈሯ ግን እምቢ አላት።

«እየሳቁ ነው። ክፉ ይሁኑልኝ እስቲ።»

«እማ፣ አትሳቂ» አለች ጃኒስ ከላይ። «የሚቀደድ ነገር ያየሽ ምሰይ።»

«እየሞከርኩ ነው፣ ልጄ።»

ደግሞ ሞከረች። አሁንም አልሆነም። ፊቷ አንዴ ተፈቷል፤ በሥራዋ ሁሉ እጇን እንደምታዝዘው ፊቷን ማዘዝ አልቻለችም። ሰውዬው ተነፈሰ፣ መብራቱን አዞረ፣ ሰዓቱን አየ። በሩ ላይ ያለችው ልጅ ሳቀች። ሂልዳም፣ ያፈረች ብትሆን፣ ፊቴ ባይመለስስ ምን አለበት፣ እጇ ትከሻዬ ላይ ትንሽ ይቆይ፣ ብላ አሰበች።

«አይሆንም» አለ ሰውዬው። «ጃኒስ፣ በቃ፣ ነይ ብቻሽን አነሳሻለሁ።»

ጃኒስ እጇን አነሳችና ሄደች። ሂልዳ ወንበሩ ላይ፣ መርፌዋን እንደያዘች፣ ትከሻዋ ሲቀዘቅዝ ተሰማት፤ ፈገግታዋም ከፊቷ ጠፋ።

«ኧረ ቆይ፣ እንደዚያው ይሁኑ» አለ ሰውዬው ዞር ብሎ፣ «እንዳይንቀሳቀሱ፣ ይሄ ነው የፈለግኩት»፤ አነሳትም።